ባለ አንድ ልብ፣ ባለ ሁለት ልብ

ሙሐረቅ ደሴት ላይ፣ ከባሕሩ ጥግ፣
ነሐሴ ብረቱን እሳት ሲያደርግ፣
ስብሰባ ተጠራ፣ ጠረጴዛ ዞሮ፣
ማሠልጠኛ ጄት ሊገዛ ዘንድሮ፤
ለለማጅ ልጅ ክንፍ፣ ከከፋም ለጦር፣
ሚሳይል አንጠልጥሎ ድንበር የሚዞር።
እኔ ከበሩ አጠገብ፣ ቱታዬን እንደለበስሁ፣
ዘይት ያልለቀቀው እጄን ከኋላ አጣምሬ ቆምሁ፤
«ምናልባት ጥያቄ ቢነሳ» ተብዬ ነበር የመጣሁ።

የመጀመሪያው ሻጭ ከረባቱን አስተካክሎ፣
«የኔዋ ባለ አንድ ሞተር ናት» አለ ፈገግ ብሎ፤
«ነዳጅ አታበዛም፣ የሰዓት ዋጋዋ ትንሽ፣
ጠዋት አራት ልጆች፣ አራት ደግሞ ሲመሽ።»
ሁለተኛው ሻጭ ውኃ ጎንጨት አለና፣
«ከሥራችሁ ባሕር ነው፤ ጄት ዳር ይዞ አይቆምምና፣
አንዱ ሞተር ቢጠፋ፣ አንዱ ልጁን ያስገባል፤
የሁለቱ ዋጋ ከአንድ ቀብር ያንሳል።»

እኛ ሠራተኞቹ ሞተርን ልብ እንለዋለን፣
ሁለት ልብ የሆነን ሰው ግን «ቁርጡን አያውቅም» ብለን እናማለን።
ይሄን ለማን ልንገር? ለአስተርጓሚው? እሱም ሁለት ልብ ነው፣
ዓረብኛው ሳያልቅ እንግሊዝኛው የሚጠራው።
ዘጠኝ ሰው ተቀምጦ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ፣
«አንድ ልብ» ይሉና «ሁለት ልብ» ይላሉ፤
አንድ ልብ ለመግዛት ሁለት ልብ ሆነው ዋሉ።

አንድ ወጣት ሻለቃ፣ ድምፁ ቀጠን ያለ፣
«የሞተሩ ባለቤት ማነው?» አለ።
ዝም።
አውሮፕላኑ ካንድ አገር፣ ሞተሩ ካንድ አገር፣
የሞተሩ ፈቃድ ከሌላ ሰው ከንፈር፤
ያ ሰው አንድ ጠዋት ፊቱን ቢያጠቁር፣
መለዋወጫው ወደብ ላይ ሊያድር።
«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያገሬ ሰው ያውቃል፤
የሰው ልብስ ታዲያ ስንት ዓመት ያሞቃል?

ስለ አሸዋው ማንም አልጠየቀኝም።
እኔ የማውቀው አሸዋውን ነው።
በሞተሩ ጉሮሮ ገብቶ እንደ ዱቄት ይበናል፣
ከውስጥ ካለው እሳት ሲደርስ ቀልጦ ብርጭቆ ይሆናል፤
የተርባይኑን ምላጭ እንደ ጥርስ ያለብሰዋል፣
ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ትንፋሹን ያሳጥረዋል።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ከቢሾፍቱ ጀምሬ፣
ሞተር ሳስተነፍስ ነው የኖርሁት፣ ጆሮዬን ለጩኸት ገብሬ፤
በግራዬ አልሰማም። በቀኜ ግን አውቃለሁ፤
አንዲት ምላጭ ብትሰነጠቅ ከጩኸቱ እለያለሁ።

ለሰላት ሲወጡ ኮሎኔል ዱዐይጅ ወደ ኋላ ቀረ።
የናስር አስተማሪ ነበረ።
ናስር፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ፤
አንድ ወፍ፣ አንድ ሞተር፣ አንድ ማክሰኞ ነበር መሞቱ።
«ያ አስራደ» አለኝ፣ ዓይኑ ባሕሩ ላይ፣
«አንድ ወይስ ሁለት? ንገረኝ፣ ፊት ሳታይ።»

«አያትህ ሉል ሲጠልቁ» አልሁት፣ «ስንት ትንፋሽ ነበራቸው?»
«አንድ። አፍንጫቸውን ቆልፈው፣ ድንጋይ በእግራቸው።»
«ታዲያ ማን ያወጣቸው ነበር?»
«ጀልባው ላይ ገመድ የሚይዝ ሰው። ሲነቀንቁት የሚስብ።»
«ቢያንቀላፋስ?»
አልመለሰልኝም።
ቦቴ አለፈ፤ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ።

ነገሩ ለጥቅምት ተላለፈ። ሻጮቹ ወጡ፣
ሞዴላቸውን በስፖንጅ ጠቅልለው፤ ለኔም እስክሪብቶ ሰጡ።
ወደ ቁጥር ሰባት ተመለስሁ፣ ወደ አሮጌዋ፤
ጎኗ ተከፍቶ፣ ጋሪ ላይ ወጥቶ ልቧ።
በባትሪ አየሁት፤ ሦስተኛው ረድፍ፣ አንዲት ምላጭ ጫፏ ላይ
ብርጭቆ አብቅላለች፤ ሉል ትመስላለች ለሚያይ።
ሐሙስ አንድ ልጅ ይበርባታል።
ስሙን ከሰሌዳው ላይ አነበብሁ፤
ወንበሬን ሳብሁ።